ጊታሩ ጠፍቶ ማሚቶው ብቻ ሲቀር፦ የቴፕ ኢኮ ፔዳልና ሁለቱ ጆሮዎቻችን

መስቀል ሲደርስ ገረሴ ትሞላለች። ከአዲስ አበባ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከየዩኒቨርሲቲውና ከየሥራ ቦታው የተበተነው ሰው ሁሉ ወደ ጋሞ ደጋ ይመለሳል። እኔም አንድ ዓመት ለመስቀል ስመለስ በቦርሳዬ ውስጥ ከልብስና ከስጦታ ሌላ ከጓደኛዬ የተዋስኩት አንድ ትንሽ ሳጥን ነበር፤ የቴፕ ኢኮ ድምፅ የሚሰጥ የጊታር ፔዳል። ያመጣሁት ለአጎቴ ልጅ ነው። ልጁ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጊታር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሊጫወት ነው።

ቤት ውስጥ በሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ሞከርነው። ጊታሩ ከመሃል ይመጣል፣ ማሚቶው አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ይመልሳል። ልጁ ደስታውን አልቻለውም። እኔም ኢንጂነር አይደለሁ? «አዳራሹ ውስጥ ሽቦውን እኔ እዘረጋልሃለሁ፣ አንተ ስለ መጫወቱ ብቻ አስብ» አልኩት።

ምሽቱ ደረሰ። ሰው ሞላ። ከሁለቱ ገመዶች አንዱ አልሠራ ስላለ ቸኩዬ በአንድ ገመድ አገናኘሁት። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ከበሮው አለ፣ ኪቦርዱ አለ። ጊታሩ ግን የለም። የሚገርመው ነገር፣ ማሚቶው አለ! ልጁ ክሩን ሲመታ ምንም አይሰማም፤ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ከሩቅ እንደሚመጣ ጥሪ ቀጭን ድምፅ ይከተላል። እናቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲያልቅ «ልጄ ሲጫወት አየሁት እንጂ አልሰማሁትም» አለች። ልጁ ደግሞ ከመድረክ ወርዶ «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

ምንም አላጠፋም ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እስቲ አስቡት፦ ዋናው ድምፅ ሳይኖር ማሚቶው እንዴት ብቻውን ይሰማል? ገደል ፊት ቆሞ ዝም ያለ ሰው ማሚቶ አይመለስለትም እኮ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን እንቆቅልሽ መፍታት ነው። ለመፍታት ግን ማሚቶ ምን እንደሆነ፣ ቴፕ እንዴት እንደሚሠራውና ስቴሪዮ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በየተራ ማየት ያስፈልገናል።

ከገደሉ እንጀምር

በጋሞ ደጋ ያደገ ልጅ የገደል ማሚቶን ከመጽሐፍ አይማርም። ከአንዱ ተራራ ተጣርቶ ከማዶ የራሱን ድምፅ ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ማዶ ያለው ገደል ደርሶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ መንገዱን ይሄዳል። ስለዚህ ተጣርታችሁ መልሱ ከ1.5 ሴኮንድ በኋላ ከመጣ፣ 340 ሲባዛ በ1.5፣ ለ2 ሲካፈል፣ ገደሉ 255 ሜትር ያህል ይርቃችኋል ማለት ነው። የስልካችሁን የሰዓት መቁጠሪያ ይዛችሁ መለካት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል» ይባላል። የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው በዋናነት የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 340 ሜትር በሴኮንድ አካባቢ ነው፤ በ30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 349 ይደርሳል። በብርዳማ የገረሴ ማለዳ የተጣራ ሰው አርባ ምንጭ በቀትር ከተጣራው ትንሽ የሚዘገየው ስለ ብርዱ ነው እንጂ ስለ ከፍታው አይደለም።

ከገደሉ የምንወስደው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፦ ማሚቶ ማለት የዘገየና የደከመ ቅጂ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል፤ ድምፁን የሚያቆይ መንገድና የሚያዳክም ነገር። ታዲያ ገደል የሌለው ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ሰው ያንን መንገድ ከየት ያመጣል?

ገደሉን ቴፕ ላይ መጠቅለል

እናትና አባታችሁ ካሴት ነበራቸው ይሆናል። በእስክሪፕቶ ያጠነጠኑት፣ ቴፑ ሲወጣ ያለቀሱለት። ያ ቡናማ ሪባን ቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተቀባ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው። በቀላሉ ስናወራ የዝገት ዘመድ ማለት ነው። ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ውስጥ ሲያልፍ፣ ከፊቱ የሚያልፈው ዱቄት የማግኔት ምልክት ይያዝበታል። ይህ ኤሌክትሮማግኔት የመቅጃ ሄድ ይባላል። ሌላ ሄድ ደግሞ ያንን ምልክት አንብቦ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል፤ እርሱ የማጫወቻ ሄድ ነው።

አሁን ሁለቱን ሄዶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተቀዳው ምልክት ከመጀመሪያው ሄድ ተነስቶ ሁለተኛው ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ያ ጊዜ ነው ማሚቶውን የሚሠራው። ስሌቱ ከገደሉ ስሌት ይቀላል፦

የመዘግየት ጊዜ = በሄዶቹ መካከል ያለው ርቀት ÷ የቴፑ ፍጥነት

ቴፑ በሴኮንድ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሮጥና በሄዶቹ መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ ማሚቶው ከ0.2 ሴኮንድ ወይም ከ200 ሚሊሰከንድ በኋላ ይመጣል። ይህንን ለማግኘት የገደል ባለቤት መሆን የሚፈልግ ሰው 34 ሜትር ርቆ መቆም ነበረበት። ቴፑ 34 ሜትሩን አራት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ጠቀለለው ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ የቆየ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሬይ በትስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ቴፕ ኢኮን አምፕሊፋየር ውስጥ ገጥሞ «ኢኮሶኒክ» የተባለ መሣሪያ ሠራ። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ስፔስ ኢኮ አርኢ-201 የተባለውን ማሽን ለገበያ አቀረበ። በዚህ ማሽን ውስጥ ቴፑ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ያለማቋረጥ ይዞራል። አንድ ሄድ ይቀዳል፣ ሦስት ሄዶች በተለያየ ርቀት ያነብባሉ፣ አንድ ሄድ ደግሞ የቆየውን ያጠፋል። ሦስት የማንበቢያ ሄድ አለ ማለት ከአንድ ምት ሦስት ማሚቶ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው።

ማሚቶው አንዴ ብቻ መጥቶ እንዳይቀር ከፈለግን ደግሞ የተነበበውን ድምፅ መልሰን ወደ መቅጃው እንልከዋለን። በእያንዳንዱ ዙር ግማሹን ብቻ ብንመልስ ድምፁ 1፣ ½፣ ¼፣ ⅛ እያለ ይቀንሳል። ከአሥር ዙር በኋላ አንድ ሺሕኛ ገደማ ይሆናል፤ ጆሮ ከዚያ በኋላ አይከተለውም። ሙሉውን ወይም ከሙሉው በላይ ከመለስንስ? ማይክ ስፒከር ፊት ሲቀርብ የሚያሰማውን ጩኸት ታውቁታላችሁ፤ እዚህም ድምፁ ራሱን በራሱ እየመገበ ያድጋል። ፔዳሉ ላይ «ሪፒት» ወይም «ኢንተንሲቲ» ወይም «ፊድባክ» የሚል ጉብ ካያችሁ ይህንን መጠን የሚወስነው እርሱ ነው።

ጉድለቱ ለምን ይጣፍጣል?

ዛሬ ማሚቶ ለመሥራት ቴፕ አያስፈልግም። ዲጂታል ፔዳል ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይሮ ማኅደሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሴኮንድ 48,000 ቁጥር የሚይዝ ፔዳል ለ400 ሚሊሰከንድ ማሚቶ 19,200 ቁጥሮችን በሰልፍ አቁሞ ወደ ኋላ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቅጂው ፍጹም ነው። እንግዲህ ሰው ለምን «የቴፕ ዓይነት ድምፅ» እያለ ይፈልጋል?

ምክንያቱ በቴፕ ጉድለቶች ውስጥ ነው። ሦስቱን እንያቸው።

አንደኛ፣ ቴፑ በትክክል እኩል አይሮጥም። የሞተሩ፣ የጎማውና የቴፑ መሳሳብ ፍጥነቱን በጥቂቱ ያወዛውዘዋል፤ ስለዚህ የድምፁ ከፍታም አብሮ ይወዛወዛል። ባትሪው የደከመ ካሴት ማጫወቻ ዘፋኙን እንዴት እንደሚያጎትተው ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያው ነገር ነው፤ እዚህ ግን በጣም ትንሽ ነው። ጆሮ ደግሞ ይህንን ጥቂት ውዝዋዜ እንደ ሕያውነት ይወስደዋል። የሰው ድምፅም እኮ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቀጫጭን ድምፆች በየዙሩ ይደክማሉ። ቀጭን ድምፅ ቴፑ ላይ የሚይዘው ምልክት እጅግ ደቃቅ ነው፤ ሄዱ ያን ያህል ደቃቅ ነገር አጥርቶ ማንበብ ይቸግረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሚቶ ከቀደመው የደበዘዘ ይሆናል። ይህም ጠቃሚ ነው፤ የደበዘዘው ማሚቶ ከኋላ ስለሚቀመጥ ገና እየተመታ ካለው የጊታር ድምፅ ጋር አይጋፋም።

ሦስተኛ፣ ቴፕ ልክ አለው። ዱቄቱ ሊሸከመው የሚችለው ማግኔት ከሞላ በኋላ ድምፁን ብትጨምሩም ከፍ አይልም፤ ጫፉ እየተጠጋጋ ይሞቃል። ፊድባኩ አምልጦ ሲጮህ እንኳ ቴፑ ልጓም ይሆነዋል።

የቴፕ ዓይነት ፔዳል ማለት እንግዲህ እነዚህን ሦስት ጉድለቶች በስሌት የሚኮርጅ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የሚያነብበትን ቦታ ሆን ብሎ ያወዛውዛል፣ ቀጭኑን ድምፅ በየዙሩ ያጣራል፣ ጫፉን ያጠጋጋል። ኢንጂነሮች ለብዙ ዓመታት ሊያስወግዱት የደከሙበትን ጉድለት ሌሎች ኢንጂነሮች መልሰው በሒሳብ ይሠሩታል!

ሁለት ጆሮ ለምን ተሰጠን?

አሁን ወደ ስቴሪዮ። ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ሰው ከግራችሁ ያጨብጭብ። ወዲያው አቅጣጫውን ታውቃላችሁ። ድምፁ ግራ ጆሯችሁ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጭንቅላታችሁን ዞሮ ቀኝ ጆሮ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይዘገያል፣ ይደክማልም። ተጨማሪው መንገድ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን መዘግየቱ 0.65 ሚሊሰከንድ አይሞላም። ከሺሕ ከተከፈለ ሴኮንድ አንድ እንኳ ያልሞላውን ልዩነት አንጎላችን ወደ አቅጣጫ ይተረጉመዋል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ወጥታችሁ የዶርዜን የቡድን ዜማ የሰማችሁ ካላችሁ ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታውቃላችሁ። ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ የተለያየ መስመር ይዘው ይዘምራሉ፤ አንዱ ሌላውን ያቋርጣል፣ ይደርባል። በአካል ቆማችሁ ስትሰሙ ግን «ይኼ ከዚህ ነው፣ ያኛው ከዚያ» እያላችሁ መለየት ትችላላችሁ። ያንኑ ዜማ በአንድ የስልክ ስፒከር ብትሰሙት ሁሉም ከአንድ ነጥብ ስለሚወጣ ይጠባል። ስቴሪዮ የሚባለው ጥበብ ያንን ስፋት በሁለት ስፒከር ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። ለግራና ለቀኝ የተለያየ ድምፅ እንልካለን። በሁለቱም እኩል የተላከው ነገር ከመሃል የመጣ ይመስላል፤ ወደ አንዱ ያዘነበለው ደግሞ ወደዚያ ይሄዳል።

በአገራችንም ጉዳዩ ትናንት የመጣ አይደለም። ኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው አይቤክስ ባንድ በ1976 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ራስ ሆቴል የቀዳው የመሣሪያ ሙዚቃ ርእሱ ራሱ «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሙዚክ» ይላል። በባንዱ ውስጥ ጊታር የያዘው ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ነበር። «ስቴሪዮ» የሚለው ቃል በዚያን ዘመን ርእስ ላይ የሚወጣ የዘመናዊነት ምልክት ነበር።

አንድ ሌላ የጆሮ ጠባይ ልጨምርላችሁ። ሔልሙት ሀስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1949 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ አንድ ድምፅ ከሁለት ስፒከር ቢመጣና አንዱ ከ1 እስከ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቢዘገይ፣ ሁለት ድምፅ አንሰማም። አንድ ድምፅ ነው የምንሰማው፤ ከቀደመው አቅጣጫ። ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ ግን አጭር ምቶች ለየብቻቸው መሰማት ይጀምራሉ፤ ያኔ ማሚቶ ይሆናል። ስለዚህ ፔዳላችሁ ላይ ያለው አንድ የጊዜ ጉብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አጭሩ መዘግየት ጊታሩን ያሰፋል፤ ረጅሙ ማሚቶ ይሰጣል።

ፔዳሉን በስቴሪዮ ስታገናኙ

ብዙዎቹ የድሮ ቴፕ ኢኮዎች፣ አርኢ-201ን ጨምሮ፣ የሚያወጡት አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። የስቴሪዮ መውጫ የዘመኑ ፔዳሎች ስጦታ ነው። ለምሳሌ የዚያው ማሽን ልጅ የሆነው የቦስ አርኢ-202 በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ስቴሪዮ መግቢያና መውጫ ይዞ ነው። ይህንን ስጦታ በሦስት መንገድ መጠቀም ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ ጊታሩን በአንድ ወገን፣ ማሚቶውን በሌላ ወገን ማድረግ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙት ያምራል። አዳራሽ ውስጥ ግን በማሚቶው ወገን የተቀመጠ ሰው ጊታሩን በደንብ አይሰማም።

ሁለተኛው፣ ማሚቶው እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ግራ ቀኝ የሚመላለስበት ነው። ጊታሩ መሃል ይቀመጣል። ለዝግ ያለ ዜማ ይስማማል፤ ለፈጣን ምት ግን አድማጭን ያዋክባል።

ሦስተኛውና እኔ የምወደው፣ ጊታሩን መሃል አድርጎ ለግራና ለቀኝ የተለያየ ርዝመት ያለው ማሚቶ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ችክችካን ታውቁታላችሁ፤ እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ይከፈላል። ዘፈኑ በደቂቃ 100 ዋና ምት ካለው አንዱ ምት 600 ሚሊሰከንድ ይወስዳል (60,000 ለ100 ሲካፈል)። ሲሶው 200 ነው፣ ሁለት ሲሶው 400። ስለዚህ ግራውን 200፣ ቀኙን 400 ብታደርጉት ማሚቶው ራሱ ችክችካውን ይመታላችኋል። አሁን ወደ ቴፑ ተመለሱ፦ በሴኮንድ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሮጥ ቴፕ ላይ ሦስት ሄዶች በ4፣ በ8ና በ12 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጡ 200፣ 400 እና 600 ሚሊሰከንድ ይሰጣሉ። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ሦስት ሄዶች የችክችካ ማሽን ናቸው ማለት ይቻላል። ብዙ የጊታር ማስተማሪያ ቪዲዮዎች ምቱን ለሁለትና ለአራት ከፍለው ነው የሚያስተምሩት፤ የእኛን ምት ለሚጫወት ሰው ግን ለሦስት መክፈል ይሻላል።

የዚያን ምሽት እንቆቅልሽ

እሺ፣ አሁን ጊታሩ የት እንደሄደ እንፈልግ።

የጊታር ገመድ ጫፍ ላይ ያለውን ጃክ ተመልከቱ። አንድ ጥቁር ቀለበት ብቻ ካለው የሚያገናኘው ሁለት መስመር ነው፤ ጫፉና ግንዱ። ሁለት ጥቁር ቀለበት ካለው ግን ሦስት መስመር አለው፤ ጫፍ፣ መካከለኛ ቀለበትና ግንድ። የኔ ፔዳል ግራና ቀኙን በአንድ ቀዳዳ ማውጣት ይችል ነበር፤ ግራው በጫፉ፣ ቀኙ በመካከለኛው ቀለበት። እኔም «አንድ ሦስት መስመር ያለው ገመድ ሁለቱንም ይወስድልኛል» ብዬ ሚክሰሩ ላይ አንድ መግቢያ ውስጥ ሰካሁት።

ችግሩ የሚክሰሩ መግቢያ ያንን ጃክ የሚያየው በሌላ ዓይን መሆኑ ነው። ለእርሱ ሦስት መስመር ማለት ስቴሪዮ ማለት አይደለም። አንድ ድምፅ በሁለት መስመር፣ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተገልብጦ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንሳል። ለምን ይቀንሳል? ረጅም ገመድ በመንገዱ ላይ ከመብራት መስመር «ኡምምም» የሚል ጫጫታ ይለቅማል። ጫጫታው በሁለቱም መስመር ላይ እኩል ስለሚገባ ሲቀነስ ይጠፋል። ድምፁ ግን በአንዱ የተገለበጠ ስለሆነ ሲቀነስ ይደመራል። ብልህ ዘዴ ነው፤ በየመድረኩ የሚሠራበትም ለዚህ ነው።

እኔ ግን የላክሁለት ቀጥና ግልባጭ ሳይሆን ግራና ቀኝ ነበር። ሒሳቡን ጻፉት፦

ግራ = ጊታር + የግራ ማሚቶ
ቀኝ = ጊታር + የቀኝ ማሚቶ
ግራ − ቀኝ = የግራ ማሚቶ − የቀኝ ማሚቶ

ጊታሩ ተሰረዘ! በሁለቱም ወገን እኩል ስለነበር ሚክሰሩ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አጠፋው። ማሚቶዎቹ ግን ግራና ቀኝ ላይ የተለያዩ ስለሆኑ ተረፉ። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት የተለማመደውን አንድ የመቀነስ ምልክት ዋጠው።

ይህንን ነገር ሳታውቁት ሰምታችሁት ይሆናል። የጆሮ ማዳመጫ ጃክ በግማሽ ወጣ ሲል ወይም የጋራ መስመሩ ሲቆረጥ ዘፋኙ ጠፍቶ ሙዚቃው ብቻ ከሩቅ ይሰማል አይደል? ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ስለሚቀመጥ በግራም በቀኝም እኩል ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የፔዳሉን ግራና ቀኝ በሁለት ባለ አንድ ቀለበት ገመድ ወደ ሁለት የሚክሰር መስመር ውሰዱ፤ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አዙሩ። ገመድ ከጎደለ ደግሞ ስቴሪዮውን ተዉትና የግራውን መውጫ ብቻ ተጠቀሙ። ብዙ ፔዳሎች አንዱ መውጫ ብቻ ሲሰካ ሁሉንም በእርሱ ያወጣሉ። ያን ምሽት ይህን ባደርግ ኖሮ እናቱ ትሰማው ነበር።

ሌላው ወጥመድ፦ ሞኖ

ገመዱ ትክክል ቢሆን እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። አዳራሹ ራሱ ስቴሪዮ ነው ወይ? በብዙ ቦታ ሁለት ስፒከር ስላለ ስቴሪዮ ነው ብለን እናስባለን፤ ነገር ግን ሁለቱ ተደምሮ የመጣ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት። ይህ ለማሚቶ ብዙ ችግር የለውም። ለአጭሩ መዘግየት ግን አደገኛ ነው።

ጊታሩን ለማስፋት ቀኙን በ10 ሚሊሰከንድ አዘገያችሁት እንበል። በስቴሪዮ ግሩም ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ግን በሴኮንድ 150 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ አስቡ፤ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ተኩል ዙር ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ተጠፋፉ። በ50፣ በ250፣ በ350 ሄርዝም ያው ነው። በ100፣ በ200፣ በ300 ግን ይደጋገፋሉ። ውጤቱ ጥርሱ እንደወለቀ ማበጠሪያ ነው፤ አንዳንዱ ድምፅ አለ፣ አንዳንዱ የለም። ጊታሩ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። ስለዚህ ከመድረክ በፊት ሁልጊዜ ድምፁን ሞኖ አድርጋችሁ ስሙት። ሞኖ ላይ ካልጠፋ ስቴሪዮ ላይ ያምራል።

እውነተኛ ስቴሪዮ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው መሃል አይቀመጥም። ከግራ ስፒከር 5 ሜትር፣ ከቀኙ 12 ሜትር የተቀመጠ ሰው የቀኙን ድምፅ 20 ሚሊሰከንድ ዘግይቶና ደክሞ ያገኘዋል፤ ሀስ እንዳለው ለእርሱ ሁሉም ነገር ከግራ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዋናውን ዜማ ለሁለቱም ስፒከር እኩል ስጡ፤ ለጎን ለጎን ማሚቶውን ብቻ ተዉ። ማሚቶው ለአንዱ ተመልካች ቢጎድል ጌጥ ነው የጎደለበት። ዜማው ከጎደለበት ግን ምንም አልሰማም።

ፔዳል ባይኖራችሁስ?

ምንም አይደል። ኮምፒውተር ካገኛችሁ ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። አንድ የስቴሪዮ ዘፈን አስገቡና ግራና ቀኙን ለየብቻ ክፈሉ፤ አንዱን ገልብጡት፤ ከዚያ ሁለቱንም ሞኖ አድርጋችሁ አንድ ላይ አጫውቷቸው። ማን እንደጠፋና ማን እንደቀረ አዳምጡ። ከዚያ የራሳችሁን ጭብጨባ ቅዱ፣ ቅጂውን በ10፣ በ30፣ በ60ና በ200 ሚሊሰከንድ አዘግዩ። ጆሯችሁ «አንድ» ማለቱን ትቶ «ሁለት» ማለት የሚጀምርበትን ቦታ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በማግስቱ ከአጎቴ ልጅ ጋር ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ይህንኑ ሒሳብ በወረቀት ላይ ጻፍንለት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ «ጊታር ሲቀነስ ጊታር... ዜሮ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጎረቤት ሄዶ ሁለተኛ ገመድ ተውሶ መጣ። ሁለቱን ማጉያዎች በረንዳው ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጥናቸው፤ እናቱ ወንበር አምጥታ መሃል ተቀመጠች። ያን ቀን ሰማችው።